ወዙ ከሥር፣ ድርቀቱ ከጫፍ

ስለ ወዛም ፀጉር ከሚነገረን ምክር አብዛኛው ገና ከመነሻው ይሳሳታል፤ የራስ ቆዳንና ፀጉርን አንድ አድርጎ ያያልና። ወዝ የሚመነጨው ከቆዳው ነው። በእያንዳንዱ ፀጉር ሥር አጠገብ ትንንሽ የወዝ ዕጢዎች አሉ፤ ያመረቱትን ፀጉሩ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ይለቁታል። ፀጉሩ ራሱ ግን ከቆዳ ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም። ወዝ አያመርትም፣ ቢጎዳም ራሱን አይጠግንም። ስለዚህ የአንድ ሰው የራስ ቆዳ በወዝ ርሶ ሳለ የፀጉሩ ጫፍ ደርቆ ሊሰባበር ይችላል። እኛ ዘንድ ይህ እጅግ የተለመደ ነው። ድርቀቱ ላይ ስላለ እናየዋለን፤ ወዙ ሥር ስለተደበቀ አናየውም። ቅቤውን፣ ዘይቱን፣ ቫዝሊኑን ስንቀባ ታዲያ ጫፉን ትተን ቆዳውን እናሻለን።

ይህን ልዩነት የያዘ ሰው እቤቱ ተቀምጦ፣ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ፀጉሩን በደንብ መያዝ ይችላል። እንቅፋት የሚሆኑት ለዓመታት ስንቀባበላቸው የኖርናቸው አባባሎች ናቸው። በቅን ልብ ይነገራሉ፤ አንዳንዶቹም ጥቂት እውነት አላቸው። ነገር ግን ስንት ልጃገረድ ራሷን እያሳከካት፣ በፀጉሯ ሽታ እየተሳቀቀች፣ መታጠብን እንደ ጥፋት እንድትቆጥር አድርገዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ መፍትሔው ከባልዲ ውኃና ከአንድ ጠርሙስ ሻምፖ ብዙም የራቀ አይደለምና።

«ፀጉር በታጠበ ቁጥር ወዙ ይብሳል»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው። ሲብራራም ያሳምናል፤ ሻምፖው ወዙን ጠርጎ ሲወስደው ቆዳው ይደነግጥና ለማካካስ እጥፍ ያመነጫል ይባላል። በአንድ ወቅት ይህን የሚያምኑ ተመራማሪዎችም ነበሩ። አልበርት ክሊግማንና ዋልተር ሼሊ የተባሉ አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች በ1958 እ.ኤ.አ. የወዝ ዕጢን አሠራር መርምረው ባሳተሙት ጽሑፍ ሐሳቡን ውድቅ አደረጉት። ዕጢው ከላይ ያለው ወዝ መጠረጉን ወይም መከማቸቱን እያየ ሥራውን አያፋጥንም፣ አያዘገይምም።

አሠራሩን ማወቅ ፍርሃቱን ያስወግዳል። በዕጢው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ቅባት እያጠራቀሙ ያብጣሉ፤ በመጨረሻ ይፈነዱና ይዘታቸው ወዝ ሆኖ ይወጣል። አንድ ሕዋስ ከተፈጠረ እስኪፈነዳ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስድበታል። ዛሬ ጠዋት ግንባራችሁ ጥግ ያገኛችሁት ወዝ እንግዲህ ዝግጅቱ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ ትናንት ማታ መታጠባችሁ ምንም አልጨመረበትም። የወዙን መጠን የሚወስነው በዋናነት ሆርሞን ነው፤ በተለይ የወንድ ሆርሞን የሚባሉት ቴስቶስተሮንና መሰሎቹ፣ በሴቶችም ሰውነት ውስጥ በአነስተኛ መጠን የሚገኙት። ከዚያ የቤተሰብ ውርስ ይከተላል። ወዝ በጉርምስና ዕድሜ በድንገት የሚበዛው፣ ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ የሚቀንሰው በሆርሞኑ ምክንያት ነው።

ታዲያ «በታጠብኩ ማግስት ወዲያው ይወዛል» የሚለው ሰው ለምን በዛ? ንጹሕ ፀጉር ላይ ትንሿም ወዝ በግልጽ ስለምትታይ ነው። ለሦስት ሳምንት ያልታጠበ ፀጉር ላይ ግን የዛሬው ወዝ ከትናንቱ አይለይም፤ ዓይናችንም እጃችንም ለምደውታል።

በ2021 እ.ኤ.አ. በእስያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታጠቡት ሰዎች የራስ ቆዳ ከማይታጠቡት በተሻለ ጤንነት ላይ መሆኑን አሳይቷል። በሳምንት አምስትና ስድስት ጊዜ የሚታጠቡት በፀጉራቸው ይበልጥ ደስተኞች ነበሩ። እዚያው ላይ በአንታርክቲካ የምርምር ቡድን ውስጥ ሆነው እንደልብ መታጠብ ያልቻሉ ሰዎች ጉዳይም ተነስቷል፤ ማሳከኩና ቅርፊቱ በዝቶባቸው ነበር።

ይህ ማለት ግን ሁላችንም በሳምንት ስድስት ቀን እንታጠብ ማለት አይደለም። ጥናቱ የተደረገው በአብዛኛው ቀጥ ያለ ፀጉር ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ለጥቅልል ፀጉር የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረው በሳምንት አንዴ ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ምክንያቱ ወዝ እንዳይበዛ አይደለም፤ ጥቅልል ፀጉር በእያንዳንዱ መታጠፊያው ላይ ስስ ስለሆነ አብዝቶ ማጠብ፣ ማበጠርና ማድረቅ ይሰብረዋል። ጥቅልል ፀጉር ኖሮት ሥሩ የሚወዛ ሰው በሳምንት አንዴ አጥብቆ ቢይዝ፣ ላብ በሚበዛበት ወቅት ሁለቴ ቢያደርገው፣ ፀጉሩ አይጎዳም። ለስላሳና ቀጥ ያለ ፀጉር ያለው ሰው በየሁለት ቀኑ፣ ካስፈለገውም በየቀኑ ይታጠብ። ራስ እያሳከከ ሦስት ሳምንት መቆየት ግን ለማንም ፀጉር አይጠቅምም።

«የሐበሻ ፀጉር ወዝ የለውም፤ ቅቤ ካልጠጣ ይሞታል»

ወዝ አለው። ችግሩ መንገዱ ነው። ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ ወዙ ከሥር እስከ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል፤ በጥቅልል ፀጉር ላይ ግን እንደ ሊማሊሞ መንገድ በየዙሩ እየተጠማዘዘ መሄድ አለበትና ብዙም ሳይርቅ ይቀራል። ሥሩ ጠግቦ ጫፉ የሚራበው ለዚህ ነው። የወዛም ፀጉር ምክር የተጻፈው ባብዛኛው ወዙ እስከ ጫፍ ለሚወርድላቸው ሰዎች ነው፤ የደረቅ ፀጉር ምክር ደግሞ ቆዳው ወዛም ሊሆን እንደሚችል ይረሳል። እኛ ከሁለቱ መካከል ነን።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ፀጉራችሁን በደንብ ታጥባችሁ ምንም ነገር ሳትቀቡ እደሩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፀጉሩን መሐል አናታችሁ ላይ ከፈሉትና ቁራጭ ሶፍት ቆዳው ላይ ለትንሽ ጊዜ ጫን አድርጉ። ከጆሮ ጀርባም እንዲሁ። ከዚያ ሶፍቱን ወደ ብርሃን አንሡት። ወዝ የነካው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ጆን ስትራውስና ፒተር ፖቺ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1961 እ.ኤ.አ. የወዝ መጠንን ለመለካት የተጠቀሙበት ዘዴ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ግንባር ላይ ለሦስት ሰዓት የሲጋራ ወረቀት አድርገው የጠጣውን ወዝ ይመዝኑ ነበር።

ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ቆዳችሁ ወዛም አይደለም። እስካሁን በእጃችሁ ሲዳሰስ የነበረው ቅባት የቀባችሁት ነው ማለት ነው። ይህ ከምታስቡት በላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ጠዋት ዘይት፣ ማታ ቅባት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ቅቤ እየተደራረበ «ፀጉሬ ወዛም ነው» የሚያስብል። ለዚህ ሰው መድኃኒቱ ሌላ ሻምፖ መግዛት ሳይሆን የሚቀባውን መቀነስ ነው። ሶፍቱ ከራሰ ግን ወዙ የራሳችሁ ነውና የሚቀጥለው ሁሉ ይመለከታችኋል።

«ፎሮፎር የድርቀት ምልክት ነው»

ጉዳት በማድረስ ይህን የሚያህል የለም።

ፀጉር ቤት ገብታችሁ ተቀመጡና አዳምጡ። ሠሪዋ ሹሩባውን ስትፈታ ቅርፊቱ ይታያታል፤ «እህቴ፣ ራስሽ ደርቋል እኮ፤ ቅቤ ተቀብተሽ እደሪበት» ትላለች። በቀናነት ነው። ደንበኛዋም ለጋ ቅቤ ታስገዛለች፣ ቆዳዋ ላይ በጣቷ እያሸች ታዳርሳለች፣ በፌስታል ጠቅልላ በሻሽ ታስራለች። ለሁለት ቀን ፋታ ታገኛለች። ቅርፊቱ በቅባቱ ርሶ ስለተጣበቀ አይታይም፣ ማሳከኩም ይለዝባል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ግን ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ብሶበት።

እዚህ ላይ ቅርፊቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የእውነት ድርቀት የሚያመጣው ቅርፊት ደቃቅና ነጭ ነው፤ እንደ ዱቄት ትከሻ ላይ ይረግፋል፣ ቆዳውም የተወጠረ ያህል ይሰማል፣ ብዙውን ጊዜ የእጅና የእግር ቆዳም አብሮ ይደርቃል። ፎሮፎር ግን ተለቅ ይላል፣ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ቆዳው ላይ ይጣበቃል። በጥፍር ጫፍ ሲነሣ ጥፍር ሥር ሰም የመሰለ ቅባት ይቀራል። ቅንድብ ውስጥ፣ በአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ጀርባም የሚታይባቸው አሉ። እነዚህ ሁሉ ወዝ የሚበዛባቸው ቦታዎች ናቸው።

ምክንያቱ ማላሴዚያ የምትባል በዓይን የማትታይ ፈንገስ ናት። በሁላችንም ቆዳ ላይ ትኖራለች፤ ከሌላ ሰው የምትጋባ በሽታ አይደለችም። የምትመገበው ወዝን ነው። የወዙን ቅባት ሰባብራ የምትፈልገውን ስትወስድ የሚቀረው ተረፈ ምርት በአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ላይ ቁጣ ያስነሳል፤ ቆዳውም ከልኩ ፈጥኖ እየታደሰ በቅርፊት ይራገፋል። አብዛኞቹ የማላሴዚያ ዓይነቶች የሚያስፈልጋቸውን ቅባት ራሳቸው መሥራት ስለማይችሉ በቤተ ሙከራ የሚያሳድጓቸው ሰዎች የወይራ ዘይት ይጨምሩላቸዋል። ቅቤ ደግሞ ፈንገሷ በምትመርጣቸው የቅባት ዓይነቶች የተሞላ ነው። ፎሮፎር ያለበት ቆዳ ላይ ቅቤ ማሸት እንግዲህ ችግሩን መመገብ ነው።

መፍትሔው ፋርማሲ ውስጥ አለ። ኬቶኮናዞል፣ ዚንክ ፓይሪቲዮን ወይም ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለበት ሻምፖ ጠይቁ፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ሰው «ሞክሬው አልሠራም» የሚለው እንደ ተራ ሻምፖ አረፋ አድርጎ ወዲያው ስለሚያጥበው ነው። ቆዳው ላይ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ሥራውን የሚሠራው በዚያች ጊዜ ነው። ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ያለው በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ከዚያ እንዳይመለስ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ፀጉሩ ጥቅልል ለሆነ ሰው በሳምንት አንዴ ቢሆንም ያስኬዳል፤ ጫፉን በኮንዲሽነር መካስ ግን አይርሳ። ፎሮፎር ተመላላሽ ስለሆነ አንዴ ጠፍቶ ሲመለስ «መድኃኒቱ ከንቱ ነው» ብሎ መጣል አይገባም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ልጅ ራስ ላይ ቅርፊት ኖሮ ፀጉሩ በክብ በክብ ከተመለጠ ወይም ከሥሩ ከተሰበረ ይህ ፎሮፎር ላይሆን ይችላል፤ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር ከልጅ ወደ ልጅ በማበጠሪያ፣ በምላጭ፣ በኮፍያ ይተላለፋል፤ በሻምፖ ብቻም አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። በሕፃናት አናት ላይ የሚጋገረው ቢጫ ቅርፊት ደግሞ ሌላ ነው። እርግብግቢት ላይ ቅቤ የማድረግ ልማዳችን ቅርፊቱን ሲያወፍረው አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ ይለቃል፤ በሕፃን ሻምፖ እያለሰለሱ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማንሣት ይበቃል፣ በጥፍር መፋቅ ግን ክልክል ነው።

ቅቤን መቼ?

ይህን ሁሉ ያልኩት ቅቤን ከቤት ለማስወጣት አይደለም። ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ በፀሐይ ለተመታ ራስ ቅቤ ማድረግ ከአፋር እስከ ሐመር፣ ከትግራይ እስከ ሸዋ የኖረ ውበታችን ነው። ቅቤ የፀጉሩን አካል ይሸፍናል፣ እርጥበቱን ይይዝለታል፣ በማበጠሪያ እንዳይሰበር ያለሰልሰዋል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ቦታውን ማስተካከል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቆዳው ወዛም የሆነ ሰው ቅቤውን ከጆሮው በታች ባለው ፀጉር ላይ፣ በተለይ ጫፉ ላይ፣ ያድርግ፤ ሁለትና ሦስት ሰዓት አቆይቶ በዚያው ቀን ይታጠበው። ለቀናት ከቆየ ይበላሻል፤ የምናውቀው ሽታም ይከተላል።

ግንባርና የጆሮ ግንድ ላይ ደቃቅ ብጉር የሚፈላባቸው ሰዎች ደግሞ የሚቀቡትን ይመርምሩ። የቆዳ ሐኪሞች በፀጉር ቅባት ምክንያት የሚመጣን ብጉር በ1970 እ.ኤ.አ. ለይተው ጽፈውበታል። ቅባቱ ከፀጉር ወደ ግንባር ወርዶ የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍናል። የፊት ክሬም እየቀያየረች የምትሰቃይ ልጅ ስንት ጊዜ መፍትሔዋ ከፀጉሯ ቅባት ላይ ነበር!

የጉሎ ዘይትም እንዲሁ ነው። ፀጉር ያሳድጋል ተብሎ ቆዳ ላይ በየማታው ይታሻል። ያሳድጋል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ወፍራምና ተጣባቂ ስለሆነ ግን ወዛም ቆዳ ላይ ለመታጠብ ያስቸግራል።

«ከጓዳ የወጣ ነገር አይጎዳም»

ሎሚ ወዝ ይቆርጣል ይባላል። የሎሚ ጭማቂ እጅግ አሲዳማ ነው፤ የተቧጨረ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። ከዚያ የከፋው ፀሐይ ነው። የእኛዋ ትንሿ ሎሚ ቆዳ ላይ ቆይታ ፀሐይ ሲያገኛት ቆዳውን የሚያቃጥል፣ ውኃ የሚያቋጥር፣ ከዚያም ለሳምንታት ጥቁር ምልክት የሚተው ንጥረ ነገር አላት። ሎሚ ቀብቶ ፀጉር ለማድረቅ ደጅ መቀመጥ አደገኛ ነው።

ቤኪንግ ሶዳ፣ የልብስ ሳሙናም ጭምር፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ይጎዳሉ። የራስ ቆዳ ጤናማ የሚሆነው ጥቂት አሲዳማ ሲሆን ነው፤ ፒኤቹ 5.5 አካባቢ። ደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ፀጉሩ ያብጣል፣ ላዩን የሸፈኑት ቅርፊቶች ይነሣሉ፣ እርስ በርሱ ይያያዛል። ሲታጠብ «ጭር» የሚለው ድምፅ ብዙዎች የንጽሕና ምልክት ያደርጉታል፤ እኔ የጉዳት ምልክት ነው የምለው።

እንቁላል ለወዛም ፀጉር መመከሩ ይገርመኛል። የአስኳሉ ሲሶ ያህል ቅባት ነው። ፕሮቲኑም ትልቅ ስለሆነ ፀጉር ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ሙቅ ውኃ ካገኘው ደግሞ ይበስላል።

ሬት ወዝ አያጥብም፣ ያረጥባል እንጂ። አገራችን ውስጥ ከ40 የሚበልጡ የሬት ዓይነቶች ይበቅላሉ፤ የሱቁ ጄል ከአንዱ፣ ያውም ከውጭ አገር ዝርያ፣ የሚሠራ ነው። ከደጅ ቆርጣችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ እናቶች ልጅ ጡት ለማስጣል የሚቀቡት ያ መራራ ቢጫ ፈሳሽ እስኪወርድ አንጠልጥሉት፤ ቆዳ የሚያስቆጣው እሱ ነውና።

እንዶድን ለብቻው ላንሣው፤ ተፈጥሯዊ ነገር ሁሉ ገራም ነው ለሚል ሰው ከእንዶድ የተሻለ መልስ የለም። ሴቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያነጡበት የነበረው ይህ ፍሬ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚሠራ ነገር አለው፤ ቅባትን በትክክል ያጥባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ከዚያ በመነሣት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ መግደል እንደሚቻል አሳዩ። ለዚህ ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ለራስ ቆዳ የተለካ ሻምፖ እያለ እንዶድን ራስ ላይ ማፍሰስ አያስፈልግም።

ስለ ውኃው

«ቀዝቃዛ ውኃ የቆዳን ቀዳዳ ይዘጋል፣ ወዝም ያቆማል» ይባላል። ቀዳዳዎቹ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ጡንቻ የላቸውም። ቅቤ ደግሞ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይረጋል። በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ ቅባቱ አልለቅ ካለ ጥፋቱ የሻምፖው አይደለም። ለብ ያለ ውኃ ይበቃል፤ የሚፋጅ ግን ቆዳ ያስቆጣል።

ድሬዳዋና መቐለ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። ከበሃ ድንጋይ መሐል የሚወጣ ውኃ ካልሲየም ይበዛበታል። በዚህ ውኃ በደረቅ ሳሙና ስትታጠቡ ሳሙናውና ካልሲየሙ ተዋሕደው የማይሟሟ ተጣባቂ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ ፀጉሩ በታጠበ ማግስት የወዛ ይመስላል። ለንደን ያሉ ወገኖቻችንም ይህንኑ ያማርራሉ፤ የዚያም ውኃ እንዲሁ ነው። ሻምፖ ይህን ዝቃጭ አይሠራም። ማለቅለቂያውን ውኃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከላይ ያለውን መቅዳት ወይም በክረምት የዝናብ ውኃ መጠቀም ፀጉሩን በጣም ያቀለዋል።

አስተጣጠቡን እንዲህ ብታደርጉት እመክራለሁ። ሹሩባውን ፍቱ፣ ከጫፍ ጀምራችሁ እያፍታታችሁ አበጥሩ፣ ፀጉሩን አራት ቦታ ክፈሉት። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጥቂት ሻምፖ በውኃ አቅጥኑና ክዳኑን በመርፌ ብሱት። በየክፍፍሉ መሐል ቆዳው ላይ እየጨመቃችሁ በጣት ሆድ እሹ፤ በጥፍር አይደለም። የመጀመሪያው ዙር አረፋ አያወጣም፤ ቅባት አረፋን ስለሚያጠፋ ነው። ሰው እዚህ ላይ ሻምፖውን እያበዛ ያባክናል። አለቅልቁትና ድገሙት፤ በሁለተኛው ዙር በትንሽ ሻምፖ ብዙ አረፋ ታያላችሁ። ጫፉን ማሸት አያስፈልግም፣ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። ኮንዲሽነሩ ከጆሮ በታች ብቻ ይግባ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት አብዛኛው ሰው የሚቆጥበው ማለቅለቂያውን ነው፤ ያልተለቀለቀ ሻምፖ ግን ራሱ ያሳክካል፣ ራሱ ያጣብቃል። ከማሸቱ ይልቅ ለማለቅለቁ ሁለት ጆግ ጨምሩ። ፀጉሩ ሲደርቅ ጫፉን በጥቂት ዘይት ነካ ማድረግ ይቻላል፤ ሥሩን ተዉት።

ሌሎቹን ባጭሩ። ፀጉርን ደጋግሞ ማበጠር ወዙን ያዳርሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። መላጨትም አይቀንሰውም፤ ዕጢዎቹ ቆዳው ውስጥ ናቸው፣ የተላጨ አናት የሚያበራውም ለዚሁ ነው። ክትፎ የበላ ሰው ቅቤው ወደ አናቱ አይወጣም፤ የተበላ ቅባት መጀመሪያ ይፈጫል። የስኳርና የተፈተገ ዱቄት መብዛት ግን ከብጉር ጋር በተወሰነ ደረጃ እንደሚያያዝ ጥናቶች ያሳያሉ።

«ወዛም ፀጉር የንጽሕና ጉድለት ነው»

ይህ አባባል ልጆችን ያቆስላል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ፀጉሯ በድንገት ቢወዛ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ ሰውነቷ ስለተለወጠ ነው። ልትሰማው የሚገባው ወቀሳ ሳይሆን «አሁን ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ያስፈልግሻል፣ ነይ ላሳይሽ» የሚለውን ነው። ወንዶች ልጆችም እንዲሁ፤ ማንም አያሳያቸውም እንጂ የእነሱ ወዝ ይበልጣል።

ሐኪም የሚያስፈልግባቸው ጊዜያት አሉ። የአንዲት ሴት ራስ ከመወዛቱ ጋር የወር አበባዋ ከተዛባ፣ አገጯ ላይ ፀጉር ከወጣ፣ ብጉሩ ከበረታ፣ የሆርሞን ምርመራ ይገባታል። በአዋቂ ሰው ላይ ፎሮፎር በድንገት ከብዶ ፊትና ደረት ላይ ከተስፋፋም መታየት አለበት፤ ሰውነት በሽታ የመከላከል አቅሙ ሲዳከም እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ላሉ የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ፤ ሌላው ቦታ ከጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። በክንድ የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ ወይም መርፌ ከጀመሩ ወዲህ ወዝና ብጉር የበዛባቸው ሴቶችም አሉ። በእርግጥ አንዳንዶቹ ይህን ሊያመጡ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን በራስ ውሳኔ ከማቋረጥ፣ መከላከያውን ለሰጠችው ነርስ መንገር ይሻላል፤ ለብጉርና ለወዝ የሚስማሙ ሌሎች ዓይነቶች ስላሉ ልትቀይርላችሁ ትችላለች።